ከድንጋዩ ላይ የቀረችው ጠጠር

እኔ በጥላ፣ በመንፈስ፣ «እዚያ ቤት ሰው ሳይኖር በር ይንኳኳል» በሚባል ወሬ የማምን ሴት አይደለሁም፣ ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ጎረቤቶቼ እንዲህ ያለ ነገር ሲጀምሩ «ድመት ይሆናል» ብዬ ወሬውን የምዘጋባቸው እኔ ነኝ፣ ከስድስተኛ ክፍል ባቋርጥም ያገኘሁትን ወረቀት ሁሉ፣ ዓሣ የምጠቀልልበትን ጋዜጣ ሳይቀር አነባለሁ፣ የሚያስደነግጥ ነገር ሲመጣም መጀመሪያ የምፈልገው ምክንያቱን ነው። ለዚህኛው ግን እስከ ዛሬ አጣሁለት። እናንተ ካገኛችሁለት ንገሩኝ፣ እውነቴን ነው፣ እፎይ እላለሁ።

ሥራዬ ዓሣ መጥበስ ነው። ከአዳማ ወጣ ብሎ፣ ከግድቡ በታች፣ አዋሽ ሰፋ ብሎ ጠጠር ላይ የሚፈስበት ቦታ አለ፣ ቅዳሜና እሁድ የከተማው ሰው ሊዝናና ይመጣል፣ እግሩን ይነክራል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ከዚያ ይርበውና ቆሮሶ ዓሣ በዳጣ ሊበላ እኔ ጋ ይወጣል። ቦታው ያምራል፣ ግን ውሃው እንደፈለገ የሚፈስ ውሃ አይደለም፣ ላይ ያለው ሐይቅ ሲሞላ የግድቡ በር ይከፈታል፣ ከመከፈቱ በፊት ሳይረን ሦስት ጊዜ ይጮኻል፣ ሳይረኑን የሰማ ሰው ጫማውን ለማንሳት እንኳ መዘግየት የለበትም። ይህን ያስተማሩኝ ኦቦ ደበሌ ናቸው።

ኦቦ ደበሌ የግድቡ ጥበቃ ነበሩ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላም ወንዙን መተው አቅቷቸው በየቅዳሜው ይመጡ ነበር። በቲማቲም ድልህ ጣሳ ሃያ ነጫጭ ጠጠሮች ይዘው ዳር ላይ ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ አጠገብ ይቀመጣሉ፣ ወንዝ የሚገባ ሁሉ አንድ ጠጠር ተቀብሎ ድንጋዩ ላይ ጠቅ አድርጎ ይገባል፣ ሲወጣ አንስቶ ይመልስላቸዋል። ድንጋዩ ላይ ጠጠር ካለ ወንዙ ውስጥ ሰው አለ ማለት ነው። «ቶኮ፣ ለመ፣ ሰዲ» እያሉ ይቆጥራሉ፣ የመጨረሻዋ ጠጠር ጣሳው ውስጥ ካልገባች ንቅንቅ አይሉም። የከተማ ጎረምሶች «አባባ፣ እንደ በግ ነው እንዴ የሚቆጥሩን?» እያሉ ሲስቁባቸው፣ «በግማ ብትሆኑ ምን ነበረበት፣ በግ ሲጠሩት ይመጣል» ይሏቸው ነበር።

አምና ቤታቸው በተኙበት አረፉ። ልጃቸው ጣሳውን አመጣችልኝ፣ «አባዬ ለአስቴር ስጪልኝ ብሎ ነው» አለችኝ። እኔስ ምን አደረግኩ? አፉን በፌስታል አስሬ ከአግዳሚዬ ሥር ወሸቅኩት። ዓሣ ልጥበስ ወይስ ሰው ልቁጠር? እንዲህ ነበር ያልኩት፣ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ወደ ቀኑ ልመለስ። መስከረም ሊያልቅ ጥቂት ቀን ቀርቶታል፣ ቅዳሜ ከሰዓት ነው፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ለውሃ ጥምቀት መጡ። ከሚጠመቁት ዘጠኝ ሰዎች አንዷ ሲፈን ናት፣ ያለችኝ አንድ ልጅ እሷ ናት። ሲፈን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ውሃ ትፈራለች፣ ሦስት ጊዜ ተመዝግባ ሦስቴም ቀርታለች፣ በዚያን ቀን ግን ነጩን ጋዋን ለብሳ መጣችና «እማ፣ ዛሬ ከሸሸሁ አንቺው ራስሽ ገፍተሽ ክተቺኝ» አለችኝ።

አውቶቡሱን የነዳው ጌቾ የሚባል ቀልደኛ ነው። «አስቱካ፣ ሰዎቹ እስኪጠመቁ ዓሣውን አጥምቂልኝ፣ ዘይት ውስጥ!» አለኝ።

«አንተም ብትጠመቅ አይጎዳህም እኮ።»

«ለእኔ ሳሙና ይበቃኛል» ብሎ ሳሙናና ፎጣውን ይዞ ሄደ። ወዴት እንደሄደ ማንም ልብ አላለም፣ እኔም።

አሁን ጥፋታችንን ልናዘዝ። ሞንታርቦ አምጥተን ነበር፣ ከነጄኔሬተሩ፣ ዳር ላይ ተክለነው መዝሙሩ፣ ኪቦርዱ፣ እልልታው አንድ ላይ ሲለቀቅ አጠገቤ የቆመ ሰው የሚለኝን አልሰማም። ሳይረን ይጮህ ይሆናል ብሎ ያሰበ የለም፣ ሰማዩ ጥርት ብሏላ። ለካ ዝናብ እኛ ላይ መዝነብ የለበትም፣ አዋሽ በሚመጣበት በላይ በኩል ሲዘንብ ሰንብቶ ሐይቁ ሞልቷል።

ፓስተራችንና አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ቀድመው ወደ ውሃው ገቡ። እኔ ዓሣ እየገለበጥኩ ነበር፣ «ጠቅ» ሲል ሰማሁ። ቀጥሎ «ጠቅ»። በዚያ ጫጫታ ውስጥ ልትሰማ የማትችል ትንሽ ድምፅ ናት፣ ግን ልክ ጆሮዬ ሥር ነው የሰማኋት። ቀና ስል ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ሁለት ነጭ ጠጠሮች አሉ። ልጆች ናቸው አልኩ። አጠገቡ ልጅ የለም።

ተጠማቂዎቹ ተሰልፈው መግባት ጀመሩ። አንዷ ገባች፣ ጠቅ። አንዱ ተከተላት፣ ጠቅ። ማን እንደሚያስቀምጣቸው አላየሁም፣ እመኑኝ፣ ዓይኔን ሳርገበግብ አንድ ጨምሮ ነው የማገኘው፣ እያንዳንዷም ከወንዝ አሁን እንደወጣች ርጥብ ናት። ሲፈን የመጨረሻዋ ነበረች፣ ጥርሷን ነክሳ ስትገባ ጠቅ አለ፣ ቆጠርኩ፣ አሥራ አንድ። ልክ ነው፣ ሁለት አጥማቂ፣ ዘጠኝ ተጠማቂ። ዓሣው አረረ፣ እኔ ፈዝዤ ቆሜያለሁ።

ከዚያ አንድ ጊዜ ደግሞ ጠቅ አለ።

አሥራ ሁለት።

ማነው አሥራ ሁለተኛው? እግሬ ራሱ ነው የወሰደኝ፣ ዳር ዳሩን ወደ ታች፣ ከቄጠማው ወዲያ። ከሞንታርቦው ራቅ ስል ነው የሰማሁት፣ ሳይረኑ ይጮኻል፣ ስንተኛው ጩኸት እንደሆነ አላውቅም። ጌቾ ደግሞ ወንዙ መሀል ያለች የአሸዋ ጉብታ ላይ ተቀምጦ፣ ጭንቅላቱ በአረፋ ተሸፍኖ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ከመዝሙሩ ጋር ያንጎራጉራል።

«በኣ! በኣ! ውጡ!»

ድምፁ ከእኔ ጉሮሮ ወጣ፣ ግን የእኔ አልነበረም፣ ወፍራምና ሻካራ ነበር። የማስበውም የማልመውም በአማርኛ ነው፣ ያን ሰዓት በኦሮምኛ ምን አስጮኸኝ? ፓስተራችን እስከ ዛሬ «ሞንታርቦውን አልፎ የመጣው የአዛውንት ወንድ ድምፅ ነው» ይላል፣ እንዳልሰማ ሆኜ አልፈዋለሁ።

ሰዎቹ ተንጋግተው ወጡ። «አሥራ አንድ! ሁላችንም አለን፣ ተመስገን!» አለ ሽማግሌው።

«አንድ ይቀራል! ጌቾ ይቀራል!»

ሮጠው መጡ። ውሃው ቡናማ ሆኗል፣ በጉብታውና በዳሩ መካከል ከጉልበት አልፎ ወደ ጭን እየወጣ ነው፣ ጌቾ አረፋው ዓይኑ ውስጥ ገብቶ ወዴት እንደሚረግጥ ጠፍቶታል። እጅ ለእጅ ተያይዘው ገቡ፣ ፊት የቆመችው ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ሲፈን። ወገቧ ድረስ ገብታ «ጋሽ ጌቾ፣ በድምፄ ና! በድምፄ!» እያለች እጇን ዘረጋች፣ ያዘችው፣ ከኋላዋ ያሉት ጎተቷቸው። ሁለቱም ደረቅ መሬት ከረገጡ በኋላ ወደ ወንዙ ስዞር ጉብታዋ የለችም። ሞንታርቦውም የለም።

ጌቾ አረፋው ጭንቅላቱ ላይ እንደቀረ እየተንቀጠቀጠ አየኝና «አስቱካ፣ እንግዲህ ተጠመቅኩ አይደል?» አለ። ሳቅን፣ አለቀስን፣ የቱ የቱ እንደሆነ አይለይም። ሲፈን ጭኔ ላይ ራሷን ጥላ «እማ፣ ውሃው እኮ ያን ያህል አያስፈራም» አለችኝ።

ሁሉም ሲረጋጋ ከአግዳሚዬ ሥር ጣሳውን አወጣሁ። ፌስታሉ እኔ ራሴ እንዳሰርኩት ነው፣ ቋጠሮዬን አውቀዋለሁ። ፈትቼ ዘረገፍኩት፣ ጠጠሮቹ ርጥብ ነበሩ፣ ከጣሳው ሥር የወንዝ ውሃ ተንጠባጠበ። ቆጠርኩ፣ አሥራ ዘጠኝ። ደግሜ ቆጠርኩ፣ ሲፈንም ቆጠረች፣ አሥራ ዘጠኝ።

በማግስቱ ውሃው ጎደለ። ጠፍጣፋው ድንጋይ ታጥቦ ንጹሕ ሆኗል፣ አንድ ክረምት የሚያክል ጎርፍ ሄዶበታል፣ መሀሉ ላይ አንዲት ነጭ ጠጠር ተቀምጣለች።

ከዚያ ወዲህ የምቆጥረው እኔ ነኝ። በአንድ ጊዜ ከአሥራ ዘጠኝ ሰው በላይ አላስገባም፣ ጣሳው ያለው ያን ያህል ነውና፣ ለጥምቀትም ለሽርሽርም የሚመጣ ሰው አስቀድሞ ለግድቡ ጥበቃዎች ይደውላል፣ ድምፅ ማጉያ ብሎ ነገር የለም። በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ የተቋረጠው ጥምቀት ተፈጸመ፣ የመጀመሪያዋን ጠጠር ያስቀመጠችው ሲፈን ናት፣ ጌቾ ሁለተኛ፣ «ቁጠሪኝ አስቱካ፣ በጉ መጣ!» እያለ።

ሃያኛዋን ጠጠር ግን አልነካኋትም። ማታ ሁሉም የየራሱን አንስቶ ሲሄድ እሷ ብቻዋን ትቀራለች፣ ፀሐይ ድንጋዩን ሲያግለው ውሎ እንኳ እሷ ርጥብ ናት። የኦቦ ደበሌን ሕግ ታውቃላችሁ፣ ድንጋዩ ላይ ጠጠር ካለ ወንዙ ውስጥ ሰው አለ። እና ዕቃዬን ስሰበስብ፣ ሰው አለመኖሩን አይቼ «ኦቦ ደበሌ፣ ገለቶማ፣ አመሰግናለሁ፣ ዛሬም ሁላችንም ወጥተናል፣ እርስዎም ይውጡ እንግዲህ» እላቸዋለሁ።

ጥቂት እጠብቃለሁ። ከዚያ ወደ መንገዱ እወጣለሁ፣ አንዳንድ ቀን ከኋላዬ ጠቅ ይላል። ጠጠሯ ስትነሳ ይሁን ስትቀመጥ አላውቅም፣ ዞሬም አላየሁም።