ክፍሉን ሙሉ ያስተኛ ድምፅ

ለትምህርት ቤት የሚሆኑ መጻሕፍትንና የድምፅ ተረቶችን በሚገመግመው ቢሮ የምትሠራን አንዲት ገምጋሚ «ወንፊት» ይሏት ነበር። ቅጽል ስሙም የሚገባት ነበር። ምክር ብቻ የታጨቀበት ተረት፣ ሕፃን የሚያባንን ሥዕል በእሷ እጅ አያልፍም። ፍርዷም አጭር ነው፤ «ይለፍ»፣ «ይታረም» ወይም «ይቅር»። በቃ።

እንግዲህ ይቺ ወንፊት ናት በአንድ ሰው ድምፅ የተያዘችው! የፍቅር ነገር እንዲህ ነው።

ሰውየው ተራኪ ነው። ዓመት ሙሉ የደከመበትን የጦጣና የጀልባ ተረት ቀርጾ ይዞ ሲመጣ፣ የቢሮው ማጫወቻ እምቢ አለ።

«ከፈቀዱልኝ በቃሌ ልተርክልዎ» አላት።

ተረከላት። ሻይዋ ቀዘቀዘ። «ከዚያስ?» ትለዋለች፤ ይቀጥላል። «እንዴ! ለምን?» ትለዋለች፤ ይስቅና ያስረዳታል። ሲጨርስ ሁለቱም ተያዩ።

ከዚያ ወዲያ ከሥራ ሲወጡ ቢሮው ፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ መቀመጥ ለመዱ። «እርስዎ» መቼ ቀርቶ «አንተ» እና «አንቺ» እንደመጣ ሁለቱም አላወቁም። አንድ ቀን፣ «ይሄ ሥራ ካላለፈልኝ ትረካውን ትቼ ሌላ ከተማ ወንድሜ ጋ ሱቅ ልጠብቅ ነው» አላት።

በማግስቱ «ይለፍ» ብላ ጻፈች። ተረት ሁሉ ከምሳ በኋላ፣ ልጆች በሚደክማቸው ሰዓት፣ ክፍል ውስጥ ሳይፈተን አያልፍም የሚለውን የቢሮውን ደንብ ዘለለችው። ወንፊት!

አለቃዋ ጡረታ የቀረባቸው ሴት ናቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩዋት።

«የኔ ልጅ፣ የገመገመው ጆሮሽ ነው ወይስ ልብሽ?»

ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ቅጂውንና የተጠገነውን ማጫወቻ ይዛ ከምሳ በኋላ አንድ ትምህርት ቤት ሁለተኛ ክፍል ገባች። ጦጣዋ ጀልባው ጋ ሳትደርስ አንዱ ልጅ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ፤ ሌላው ተከተለ። ጀልባው ሲነሳ ክፍሉ በሙሉ እንቅልፍ ላይ ነበር። «ይለፍ» ያለችውን ሰርዛ «ይታረም» አለች። ከዚያ አግዳሚው ወንበር ላይ ጠበቀችው።

«ተኙ» አለችው።

«እነማን?»

«ሁሉም። መምህራቸውም ጭምር።»

«ዝም ብለሽ ብታሳልፊኝ ምን ነበረበት?»

«አሳልፌህ ነበር እኮ። ልጆቹን ሳይ ግን አፈርኩ። አንተንም መዋሸት ሆነብኝ።»

ተነስቶ ሄደ። አልጠራችውም፤ እንባዋ ግን ቀደማት።

ቀናት አለፉ። ድምፁ ጠፋ። ሱቅ ጠባቂ ሆኖ ቀረ ብላ ተስፋ ቆረጠች። ምሳ አልበላ፣ መጽሐፍ አልነበብ አላት። ማጫወቻውን ሳይቀር ጠላችው።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ሌላ ተረት ልትፈትን ወደዚያው ክፍል ስትሄድ፣ መቅረጫውን አንግቶ በሩ ላይ ቆሞ አገኘችው።

«ተናድጄ ነበር» አላት። «ቆይቶ ነው የገባኝ። ያን ቀን አንቺ ያልተኛሽው በጥያቄ እየነዘነዝሽኝ ስለነበር ነው። ቀረጻ ክፍል ውስጥ ግን የሚነዘንዘኝ ማን አለ? ግድግዳው?»

ሳቀች። ሳቋ ከስንት ጊዜ በኋላ መጣ።

ልጆቹ መሃል ቁጭ ብሎ ጀመረ። ብዙም ሳይሄድ የፊት ጥርሶቿ የወለቁ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«ጦጣዋ ዋና ሳትችል ለምን ጀልባ ላይ ወጣች?»

«እኔም እሱን እኮ ነው የምላት!» አለ ተራኪው፤ ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ጥያቄው ዘነበ፤ ድምፁም ከፍ ዝቅ እያለ ነፍስ ዘራ። እንቅልፍ የት አባቱ! ጥያቄውም ሳቁም አብሮ ተቀረጸ።

ይሄንንስ እሷ እንድትገመግም አልተፈቀደላትም። አለቃዋ ራሳቸው አዳመጡ፤ እየሳቁም «ይለፍ» አሉ።

ያን ዕለት ማምሻውን አግዳሚው ወንበር ላይ ማዳመጫውን አቀበላት።

«ይቺን ደግሞ ገምግሚልኝ። አጭር ናት።»

ጆሮዋ ላይ አደረገችው። ያ ክፍሉን ያስተኛ ቀስ ያለ ድምፅ፣ «ታገቢኛለሽ ወይ?» አላት።

የቢሮ ፊቷን ለመልበስ ታገለች።

«ይታረም» አለች።

ሰውየው ክው አለ። «ምኑ?»

«‹ታገቢኛለሽ ወይ› የሚለው ይውጣ» አለችው፣ እጁን እየያዘች። «‹መቼ እንጋባ› በሚለው ይተካ።»