ነጥብ ያላረፈበት ክብ

ይህ የደረሰው በእኔ በራሴ ላይ ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው፤ እኔ ግን አንዲት ቃል አልጨመርኩበትም።

ረቡዕ፣ ነሐሴ ሰባት። ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ቦታው ወረታ... ከተማው አልቆ የፎገራ ሩዝ ማሳ የሚጀምርበት ጠርዝ ላይ፣ የተከራየሁበት ግቢ።

ሁሉንም ያየሁት በቀን ብርሃን ነው።

ማህደር እባላለሁ። የፊዚክስ መምህርት ነኝ። ለሁለተኛ ዲግሪዬ የማጠናው አንድ ኳሳር ነው። ኳሳር ማለት መሀሉ ላይ ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ ተቀምጦ፣ በዙሪያው ያለውን ሁሉ ሲውጥ የሚያበራ ነገር ነው። የእኔው ኳሳር ብርሃን እኛ ዘንድ ለመድረስ አሥራ ሁለት ቢሊዮን ዓመት ፈጅቶበታል።

የሚረጨው ኤክስሬይ አየሩን አልፎ መሬት አይደርስም። ጠፈር ላይ ያሉ ቴሌስኮፖች ናቸው የሚለቅሙት። ምስሉ ጥቁር ላይ የተበተነ ጤፍ ይመስላል። አንድ ነጥብ፣ አንድ የብርሃን ቅንጣት።

የእኔ ሥራ መቁጠር ነው።

ኳሳሩ መቶ አርባ ነጥብ ነበረው። በዙሪያውም የትም ብታዩ ነጥብ አለ...

ከአንድ ቦታ በቀር።

በስተግራ አንዲት ትንሽ ክብ አለች። ውስጧ ባዶ ነው። አንድም ነጥብ አላረፈባትም።

የመሣሪያ ብልሽት ነው ብዬ፣ ሌላ ቴሌስኮፕ በሌላ ዓመት ያነሳውን ምስል አወረድኩ።

ክቧ አለች።

ግን ሰፍታለች። ወደ ኳሳሩም ተጠግታለች።

ሦስተኛውን ምስል ከፈትኩ... የኳሳሩ ግማሽ የለም።

ሰኞ ዕለት ባሕር ዳር ላሉት አማካሪዬ፣ ለዶክተር ሲሳይ ደወልኩ።

«ቆርጠሽ አውጪው» አሉኝ። «የመሣሪያ ችግር ነው ብለሽ እለፊው።»

«በሁለት የተለያዩ መሣሪያዎች ላይ?»

በስልኩ ውስጥ ሲተነፍሱ ይሰማኛል።

«ደሴም እንዲሁ ብሎኝ ነበር» አሉ በሹክሹክታ። «ማህደር... መመረቅ ትፈልጊያለሽ አይደል?»

ደሴ ከእኔ በፊት ይህንኑ ኳሳር ሲያጠና ድንገት ትምህርቱን ያቋረጠ ልጅ ነው። አገሩ ይፋግ ነው። በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድኩ።

ስደርስ ዝናቡ ዶፍ ነበር። እናቱ እትዬ ባየች በሩን ከፍተው አስገቡኝ።

ደሴ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ሰላም ስለው ቀና አላለም።

«ቆጠርሽው?»

«ቆጠርኩት።»

«ባዶውንስ... ለካሽው?»

«ለካሁት።»

ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «አጥፊው። እኔ እንዳይከተለኝ ብዬ ሁሉንም አቃጥዬዋለሁ።»

«ስታቃጥለው ተወህ?»

ቀስ ብሎ ወደ ጣራው አየ።

ያኔ ነው ልብ ያልኩት። ደጅ ዶፍ ይወርዳል... ከላያችን ያለው ቆርቆሮ ግን ጸጥ ብሏል። አንድ ጠብታ አይመታውም።

«ዓመት ሆነው» አሉ እትዬ ባየች፣ ለኔ ብቻ እንዲሰማ። «ይኸ ጣራ ዝናብ ካገኘው።»

በዚያው ቀን ወደ ወረታ ተመለስኩ። ከፍርሃቱ ይልቅ ግን ንዴቱ በለጠብኝ። አራት ዓመት ሙሉ ከደመወዜ እየቆጠብኩ፣ ኢንተርኔት ቤት ተሰልፌ፣ «አንቺ ደግሞ ከሰማይ ምን አለሽ?» እየተባልኩ የደረስኩበት ነው። ያየሁትን አላየሁም ልበል?

አልልም!

ረቡዕ ጽሑፌን ጨረስኩ። ክቧን ከነስፋቷ፣ ከነቦታዋ አስገባኋት። ልክ ስምንት ሰዓት ሲሆን ለዶክተር ሲሳይ ላክሁት።

ወዲያው አከራዬ ጋሼ ገብረማርያም ከደጅ ጠሩኝ። ከፍልሰታ ቅዳሴ መመለሳቸው ነበር።

«ማህደር... ነይማ። ቀስ ብለሽ ነይ።»

ማሳው በጎርፍ ተሸፍኗል። ዝናቡ ሲመታው ውኃው ሁሉ ይዘላል።

አርባ እርምጃ ያህል ወደዚያ ግን... አንድ ክብ ቦታ እንደ መስታወት ተኝቷል። ጠብታ የለበትም።

«ቅድም ከማዶ ነበር» አሉ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው። «እየመጣ ነው። ግቢ! በሩን ዝጊ!»

ጫማዬን አወለቅሁ።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ልትሆኚ ነው?»

«ልለካው ነው፣ ጋሼ።»

ውኃው እስከ ጉልበቴ ነው። ጭቃው እግሬን ይይዛል። እሳቸው ከኋላ በእመብርሃን ይለምኑኛል።

ጠርዙን አለፍኩ... ድምፅ ሁሉ ጠፋ።

ዞር ስል የጋሼ አፍ ይንቀሳቀሳል፤ የሚሰማ የለም።

ቀና አልኩ።

ደመናው የለም። ሰማዩ የለም። ጥቁር ብቻ... አንድ ነጥብ የሌለው ጥቁር። ደግሞ ቅርብ ነው። እጄን ብዘረጋ የምነካው ያህል።

ጮህኩበት።

«ቆጥሬሃለሁ! የትም ብትሄድ እቆጥርሃለሁ! ከጽሑፌም አላወጣህም!»

የራሴን ድምፅ አልሰማሁትም።

ከጠርዝ እስከ ጠርዝ በእግሬ ለካሁት። አሥራ አንድ እርምጃ። ከዚያ ወጣሁ።

ጋሼ ገብረማርያም እያለቀሱ ነበር። «የት ገብተሽ ነው? ውኃው ላይ ማንም አልነበረም እኮ!»

ትከሻዬን ያዙ... ወዲያው እጃቸውን ሰበሰቡ።

ዶፉ እየወረደብን ነው። ከጉልበቴ በላይ ግን ቀሚሴ ደረቅ ነበር።

ዓርብ ዶክተር ሲሳይ ደወሉ። «ካላወጣሽው አልፈርምም።»

«አይወጣም» አልኳቸው። ሌላ አማካሪ ጠይቄያለሁ። መስከረም ላይ ጽሑፌን ቆሜ አቀርባለሁ።

ይህን የምጽፍላችሁ ደጅ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ላፕቶፑ ጭኔ ላይ ክፍት ነው። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላቋረጠም።

አንድ ጠብታ አልነካኝም።

ትናንት ደረቁ መሬት ከወንበሬ አያልፍም ነበር። ዛሬ አምስት እርምጃ ሆኗል። በየሰዓቱ እየለካሁ እመዘግባለሁ።

አሁን ደግሞ ከሩዙ ማሳ ነጫጭ ወፎች መጥተዋል። ሃያ ሦስት ናቸው።

ደረቁ መሬት የሚያልቅበት ጠርዝ ላይ፣ ዝናብ ውስጥ ዙሪያዬን ቆመዋል። አንዳቸውም ወደ ውስጥ አይረግጡም።

ሁሉም ቀና ብለው... ከጭንቅላቴ በላይ ያለውን ያያሉ።