«ተሞክሯል» የሚለው ምልክት

ሟቹን ጓደኞቹ «ዘንዶው» ነበር የሚሉት። ሰውየው ግን ድመት ብታፈጥበት መንገድ የሚለቅ፣ ከሲታ፣ መነጽሩ አፍንጫው ላይ የማይረጋለት ደራሲ ነበር። መርማሪዋ ስትደርስ ከጽሕፈት ጠረጴዛው አጠገብ ሶፋ ላይ በጀርባው ተጋድሟል። ጫማውን አውልቆ ጎን ለጎን አስቀምጧል፤ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሯል። ሊነሣ የተኛ እንጂ ሊሞት የተኛ ሰው አይመስልም። ነገሩ ያላማራት ከዚህ ጀምሮ ነው።

ጠረጴዛው ላይ ያለው ኩባያ ሥሩ ላይ የተቀቀለ ቅጠልና ያልሟሟ ስኳር ቀርቶበታል። የስኳር ዕቃው ከወጥ ቤት ድረስ መጥቶ ክዳኑ እንደተከፈተ ነው። ኮምፒውተሩም እንደበራ ነው።

የተከፈተው «ዋሻው» ነበር። ዘንዶው፣ ታላቅ እህቱና ሁለት ጓደኞቻቸው ምናባዊ ልቦለድ ለሚጽፉ ሰዎች ያዘጋጁት ድረ ገጽ ነው። ለጀግና ስም የሚያወጣ ገጽ አለው፤ የሌለ አገር ካርታ የሚሣልበት አለው፤ በሰይፍ የተወጋ ሰው ምን ያህል መራመድ እንደሚችል የሚናገርም አለው። ስም ያተረፈው ግን በአንድ ሕጉ ነው፤ ከአራቱ አንዱ በገዛ አካሉ ያልቀመሰውን ነገር «ተሞክሯል» አይሉም። ምልክቱ የሁላችንም ነው ብለው ስለተስማሙ የማንም ስም አይጻፍበትም። ምልክት ያለበትን ገጽ መሰረዝ የሚችለውም ያንኑ ምልክት ያደረገው ሰው ነው፤ በራሱ የምስጢር ቃል። ከእሱ ሌላ ዘንዶው ብቻ ይችል ነበር።

ስክሪኑ ላይ እንዲህ ይነበባል፦ «የአጥር ሐረግ ቅጠል። ተፈልቶ ሲጠጣ ጣዕሙ ማር ማር ይላል። ጠጪው የሞተ እስኪመስል ይተኛል፤ ስሙን ሲጠሩት ይነቃል። ተሞክሯል።»

መርማሪዋ መጀመሪያ ያነጋገረችው ፋርማሲስቷን ነው። ከአራቱ መድኃኒት የምታውቀው እሷ ስለሆነች የሁሉም ዓይን እሷ ላይ ነበር። ኩባያውን ስታይ ፊቷ ተጨማደደ።

«ይሄ እኮ ገዳይ ነው! ደግሞ ምርር ያለ፤ ምላስ ላይ ሲያርፍ ነው የሚያስታውቀው።»

«ገጹን አላዩትም ነበር?»

«የእኔ የቁስልና የስብራት ገጽ ነው። አንዳችን የሌላውን አንነካም። ባየውማ ኖሮ አገር ይያዝልኝ ነበር የምለው!» እጇን አፏ ላይ ጫነች። «አሁንስ ለምን አይሰረዝም? ሰው እየገባ እያነበበው ነው እኮ!»

መርማሪዋንም እንቅልፍ የሚነሣት ይኸው ነበር። የሞተው ሞቷል። ገጹ ግን እንደተከፈተ ነው፤ ድረ ገጹን ለሚያስተናግደው ድርጅት ብትጽፍም መልስ የሰጣት የለም። ምልክቱን ያደረገውን ሰው ካላገኘች ነገ ሌላ ሶፋ ላይ ሌላ ሰው ይተኛል።

ሁለተኛው ጓደኛ፣ የዋሻው ካርታ ሠሪ፣ ከዘንዶው ቤት ጋር በስስ ግድግዳ የሚዋሰን ጎረቤት ነው። አንድ ወታደር በቀን ምን ያህል እንደሚጓዝ ለማወቅ አሸዋ ተሸክሞ ሲሄድ ውሎ እግሩን የላጠ፣ ነገረኛ ግን ቅን ሰው ነው።

«ከዘንዶው ጋር ተኳርፋችሁ ነበር ይባላል» አለችው።

«እሱ ከማን ጋር ያልተኳረፈ አለ? መጽሐፉ ጀግናው የእንቅልፍ መጠጥ የሚጠጣበት ምዕራፍ ላይ ተገትሯል። ‹እንዴት እንደሚያደርግ ሳላውቅ አልጽፍም› ብሎ ድርቅ አለ። ፈጥረህ ጻፍ፣ ሥራህ እኮ መፍጠር ነው አልኩት። በቃ፣ ዘጋኝ።»

«ጠዋት ምን ሰሙ?»

«እህቱ፣ እትዬ፣ ስትጠራው ሰማሁ። የሚገርመው በዋና ስሙ ነው፤ ሌላ ጊዜ ‹አንተ ልጅ› ነው የምትለው። ሦስት ጊዜ ጠራችው። ከዚያ ጸጥ። እኔ ቁርሴን በልቼ ዕቃ ሳጥብ ነው ጩኸቷ የመጣው።»

እህቱ ወጥ ቤት ውስጥ፣ የወንድሟን ኮት ጭኗ ላይ አጣጥፋ ተቀምጣለች። እናታቸው ከሞቱ ወዲህ እናቱም እህቱም እሷው ነበረች። የዋሻው የስሞች ገጽ የእሷ ነው።

«ሲያገኙት ምን አደረጉ?»

«ጮህኩ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ?»

«ወዲያው?»

«ወዲያው።»

መርማሪዋ አልተከራከረቻትም። ቢሮዋ ተመልሳ ስለ ቅጠሉ የተጻፈውን ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ስትፈልግ ዋለች፤ የምትፈልገውንም አገኘች። በማግስቱ ከሰዓት ሦስቱንም ሶፋው ወዳለበት ክፍል ጠራቻቸው። ሶፋው ላይ ለመቀመጥ የደፈረ አልነበረም።

«ይሄን ገጽ የጻፈው ሰው ቅጠሉን አልቀመሰውም» ብላ ጀመረች። «ቢቀምሰው ማር ማር ይላል አይልም። ዘንዶው ግን ቀመሰው፤ መረረው። የገዛ ምላሱን ትቶ ምልክቱን አመነ። ሲያፈላ ያበላሸው መስሎት ስኳር እየጨመረ ጠጣው።»

ፋርማሲስቷ ፊቷን አዞረች።

«ታዲያ ማን ጻፈው? ቃሉ የተቀዳው ከአንድ የኮምፒውተር ጨዋታ ድረ ገጽ ነው። ጨዋታ ነው፤ የተጫወተው ሁሉ ይነቃል። እዚያ ስለ ጣዕም የተባለ ነገር የለም። እናንተ ጋ ግን ጣዕሙ ያልተጻፈ ነገር ምልክት አያገኝም፤ ስለዚህ ቀጂው ጣዕም ፈጠረ። አንድ ነገር ደግሞ ቀነሰ። ዋናው የሚለው ‹ስሙ ሦስት ጊዜ ሲጠራ ይነቃል› ነው። ሦስት የሚለው ተረት ተረት ስለሚል ተቆረጠ። እዚህ ያነበበ ሰው ሦስቱን አያውቅም።»

ካርታ ሠሪው ቀስ ብሎ ወደ እትዬ ዞረ።

«ወንድምዎን ተኝቶ ሲያዩት አልደነገጡም» አለች መርማሪዋ። ድምጿ የዳኛ ሳይሆን የሐዘንተኛ ነበር። «ምን እንደጠጣ ያውቁ ነበር። በዋና ስሙ ሦስት ጊዜ ጠሩት። ከዚያ ቁጭ ብለው እስኪነቃ ጠበቁት።»

እትዬ ኮቱን አንስታ ፊቷን ቀበረችበት።

«መጽሐፉ ይለቅለት ብዬ ነው። ማታ ማታ ግድግዳ ሲያይ አላስችል አለኝ። ሌሎቹ ሞክረውታል ብሎ ይጻፈው ነው እንጂ ይጠጣዋል ብዬ መቼ አሰብኩ! ልጅ ሆኖ መድኃኒት እንኳ በግድ ነበር የሚውጥልኝ። ኩባያውን ሳየው ራሱ አልፈራሁም፤ ይነቃል ብዬ... ይነቃል ብዬ።»

«ገጹ እስካሁን ክፍት እንደሆነ እያወቁ?»

«ካነሣሁት፣ እኔ ነኝ ማለት ነው። እኔ ገደልኩት ማለት ነው።»

እውነቷን ነበር፤ እውነት ደግሞ እዚህ ክፍል ውስጥ የሚያጽናና ነገር አልነበረውም። እትዬ ጠረጴዛው ጋ ሄዳ የምስጢር ቃሏን ጻፈች፤ የወንድሟ ዋና ስም ነበር። ገጹ ጠፋ። ፋርማሲስቷ ተንፈስ አለች።

«ቆይ» አለ ካርታ ሠሪው። ኮምፒውተሩን ስቦ «ጣዕሙ ማር ማር ይላል» የሚለውን ፈለገ። ወጣ። በሌላ ድረ ገጽ፣ በሌላም፣ ወደ ታች ባወረደው ቁጥር ሌላ። ደራሲዎች ለደራሲዎች እያጋሩት ሄደዋል። ሁሉም ላይ ያው ምልክት አለ።

አንዱ ሥር ራሱን «እንግዳ» ያለ ሰው ዛሬ ጠይቋል፦ «ልቦለዴ ውስጥ ላስገባው አፈላሁት። መረረኝ፤ ስኳር ልጨምርበት?»

ከሥሩ አንዱ መልሶለታል፦ «ጨምርበት። ተሞክሯል ይላል እኮ።»

እትዬ ካርታ ሠሪውን ገፍታ «አትጠጣው!» ብላ ጻፈች። ደገመችው። ሁሉም ስክሪኑ ላይ አፍጥጠው ጠበቁ፤ መርማሪዋ ስልኳን አውጥታ ለማን እንደምትደውል ሳታውቅ ያዘችው። ከእንግዳው መልስ አልመጣም።

«ስሙ ማነው?» አለች እትዬ። «የዚህ ልጅ ዋና ስሙ ማነው?»

የሚያውቅ አልነበረም።