ምንም ያልተንጠለጠለበት ክር

ይህን ማመን የሚከብደው ሰው ካለ አልፈርድበትም። እኔም ለዓመታት አፌን ይዤ ኖሬያለሁ። ግን ሆኗል... በራሴ ላይ።

ሐምሌ 1978 ዓ.ም.፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ኮልፌ፣ ከገበያው ጀርባ ባለች ጠባብ ቤተ ሙከራ ውስጥ።

ቀጣሪዬ ዶክተር ቱሉ ውጭ አገር ተምረው የመጡ ነበሩ። በልብ ሕዋሳት ግድግዳ ላይ ጥቃቅን በሮች አሉ ይሉኝ ነበር፤ ፖታሲየም የሚባለው ንጥረ ነገር የሚወጣባቸው። በሮቹ ሲከፈቱ የተረበሸ ልብ ይረጋጋል። የምንፈልገው እነዚያን በሮች የሚከፍት መድኃኒት ነበር።

የምንሞክረው በእንቁራሪት ልብ ነው። ከወጣ በኋላም የጨው ውሃ ሲነካው ለሰዓታት ይመታል። በክር እናንጠለጥለዋለን፤ ክሩ መርፌ ያንቀሳቅሳል፤ መርፌው በኩራዝ ጥላሸት በጠቆረ ወረቀት ላይ እያንዳንዱን ምት ይጽፋል። ወረቀቱ የተጠቀለለበት ከበሮ እንደ ግድግዳ ሰዓት በቁልፍ ይሞላል። አንዴ ከተሞላ ግማሽ ሰዓት ይዞራል።

እናቴ ወይዘሮ ጽጌማርያም የልብ በሽተኛ ነበረች። ሁለቴ መትቶ አንዴ የሚዘል ልብ። ሐኪሞቹ ብዙ ጊዜ የላትም ብለውኛል። ክኒን ግን በአፏ አይዞርም።

"እኔን የሚያድነኝ ጸበል ነው" ትላለች።

ስለዚህ ዋሸኋት።

የእንቁራሪቶቹን ልብ ከሁሉ በላይ ያረጋጋው ቁጥር አሥራ አንድ ያልነው መድኃኒት ነበር። ያን ዕለት ጠዋት በጸበል ጠርሙስ ቀድቼ ወሰድኩላት።

"ከሩቅ ገዳም የመጣ ነው፣ እማዬ። በቀን አምስት ጠብታ ብቻ።"

"ጸበል በጠብታ?" ሳቀችብኝ። "ምን ያለው ስስታም መነኩሴ ነው የሰጠህ!"

በክዳኑ ቀዳችና ወደ አፌ አስጠጋች።

"መጀመሪያ አንተ። በረከት ለብቻ አይጠጣም።"

እንዴት እምቢ ልበል? ጸበል ነው ብያለሁ።

ጠጣሁ።

ከሰዓት በኋላ ዶክተሩ ቀበሌ ለስብሰባ ተጠርተው ሄዱ። ዘጠኝ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ከበሮውን ሞላሁት። ወዲያው የተንጠለጠለው የእንቁራሪት ልብ ቆመ። ከክሩ ፈትቼ ጣልኩት። እጄን ስታጠብ ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ።

ጭ... ጭ...

መርፌው ይጽፋል።

ክሩ ላይ ምንም የለም።

ነፋስ ይሆናል ብዬ መስኮቱን አየሁ። ዝግ ነው።

ጠጋ አልኩ። ሁለት ምት... ዝላይ። ሁለት ምት... ዝላይ።

ያን ምት አውቀዋለሁ። ልጅ ሆኜ ደረቷ ላይ ተለጥፌ የተኛሁት እሱን እየሰማሁ ነው።

ከመስመሩ ሥር ጥላ የመሰለ ሌላ ደብዛዛ ጭረት ነበር። ጥላሸቱ ሳስቶ ነው አልኩ።

ከበሮውን በመዳፌ ያዝኩት። እስከ ሦስት ቆጠርኩ።

ዓይኔ ጨለመብኝ። ከድንጋጤ ነው ብዬ ለቀቅኩት።

መዞሩን ቀጠለ።

በዝናቡ ወደ ቤት ሮጥኩ፤ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። እናቴ እያንጎራጎረች ጎመን ትከትፋለች።

"እማዬ... ጸበሉስ?"

"በባዶ ሆዴ ግጥም! ይኸው ደረቴ ዝም አለ። በር ሲያንኳኳ የኖረ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሄደ ነው የሚመስለኝ።" ቢላዋውን አስቀመጠች። "ቅድም ብቻ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ አንዳች እጅ ደረቴን ጭምድድ አድርጎ ለቀቀኝ።"

አንጓዋን ያዝኩ። ይሞቃል።

ምት የለውም።

አንገቷን ዳሰስኩ። የለም።

"ምነው ልጄ? እንደ ዶሮ ገዢ የምታገላብጠኝ?"

ሰዓቴን አየሁ። ዘጠኝ ከሩብ። ከበሮው ሊቆም ሩብ ሰዓት እንኳ አልቀረውም።

እንዴት እንደተመለስኩ አላስታውስም። ስደርስ ዶክተር ቱሉ ከስብሰባ መጥተው ከበሮው አጠገብ ቆመዋል። እጃቸው ማቆሚያው ላይ ነው።

"በባዶ ክር ከበሮውን ምን ብለህ ታሽከረክራለህ?"

"ዶክተር፣ አይንኩት!"

"ምን?"

"እናቴ ናት... በእግዚአብሔር... እናቴ ናት!"

ገፋኋቸው። ከበሮው እየዘገየ ነበር። ቁልፉን እስከ መጨረሻው ሞላሁት።

ሁለት ምት... ዝላይ።

ዶክተሩ ያበድኩ መስሏቸው አንጓዬን ጨበጡ። ጣቶቻቸው እንደ ልማዳቸው የደም ሥሬን ፈለጉ። ቦታ ቀየሩ። እንደገና ፈለጉ።

ፊታቸው አመድ መሰለ።

"ወንድይፍራው..." አሉ በሹክሹክታ። "ምትህስ የት አለ?"

እጄን ለቀው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ዓይናቸው ወረቀቱ ላይ ተተክሏል።

ዞርኩ።

ከእናቴ መስመር ሥር፣ መርፌ በሌለበት፣ ሁለተኛው መስመር ጥላሸቱን እየፋቀ ይሄድ ነበር። አሁን ደብዛዛ አይደለም። ጥልቅ ነው... ነጭ ነው... በዝናብ ሮጦ እንደመጣ ሰው ልብ ይጣደፋል።