ሦስተኛው ክንፍ

የውሻው ፀጉር የለም።

ዊላ ሮኬቱን በሁለት እጇ ይዛ አገላበጠችው። ቁመቱ ደረቷ ድረስ ነው፣ ክንፉ ደግሞ ሦስት። አንደኛውን አየች፣ ሁለተኛውን አየች፣ ሦስተኛው ላይ ስትደርስ አውራ ጣቷን ሙጫው ላይ አንሸራተተች። ልስልስ ብሏል። በሰኔ ወር ሙጫው ሳይደርቅ ሃንክ፣ ያ የማያርፍ ውሻቸው፣ አጠገቧ መጥቶ ሲራገፍ አንዲት ነጭ ፀጉር እዚያ ተጣብቃ ቀርታ ነበር። ዊላም «ይሁን፣ አንተም አግዘሃል ይባልልህ» ብላ ትታለት ነበር። አሁን ፀጉሯ የለችም።

«ምነው ልጄ፣ የጠፋብሽ ነገር አለ?» አሉ ወይዘሮ አርዲስ ማሳው ዳር ከቆመው ጠረጴዛ ማዶ።

ወይዘሮ አርዲስ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የነዱ ሴት ናቸው። አሁን በሮኬት ክለቡ ውስጥ የሳቸው ሥራ ሮኬት ከመተኮሱ በፊት መፈተሽ ነው። አፍንጫውን ነቅለው ያያሉ፣ ሮኬቱ ሲወርድ የሚከፈተውን ጃንጥላ ገመድ ይጎትታሉ፣ ክንፎቹን አንድ በአንድ ይወዘውዛሉ። የማያስቅ ነገር ላይ አይስቁም፣ የማያምር ነገርም አያሞግሱም።

«ይቺኛዋ ክንፍ ከሁለቱ ትበልጣለች» አሉ ሦስተኛዋን በጣታቸው እየዳሰሱ። «መጨረሻ ላይ እጅሽ ተፍታቶልሻል።»

ዊላ ክው አለች። ሦስተኛዋ ክንፍ ጠማማ ነበረች። ብዙም አይደለም፣ በጣም ትንሽ፤ ግን እሷ ታውቀዋለች። ሮኬቱ ሲወጣ ትንሽ ቢሽከረከር ነው እንጂ ምንም አይሆንም ብላ፣ አስባበት ነው የተወችው። አሁን ክንፏ ቀጥ ብላለች።

ዞር ብላ አባቷን አየችው። ላይል አሥር እርምጃ ርቆ መኪናው ላይ ተደግፎ ባርኔጣውን እየመረመረ ነው። ባርኔጣው ምንም የሚመረመር ነገር የለውም። ላይል በአካባቢው ያለውን የእህል ማጨጃ ማሽን ሁሉ የሚጠግን ሰው ነው፤ ጠማማ ነገር ካየ ደግሞ አያልፍም። ሰው ቤት ተጋብዞ ግድግዳው ላይ የተንጋደደ ፎቶ ካለ፣ ተነስቶ ካላስተካከለ ምግቡ አይወርድለትም። ረቡዕ ዕለት ዊላ መረብ ኳስ ልምምድ ላይ ነበረች፣ እሱ ደግሞ ብቻውን ቤት ነበር። በቃ፣ ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋትም።

ነገሩ የተጀመረው በግንቦት ነው፣ የሮኬቱ መገጣጠሚያ ዕቃ ሲመረጥ። «ለመጀመሪያ ጊዜሽ የወረቀት ቱቦ ያለውን ያዢ» ብሏት ነበር ላይል። «ቀላል ነው፣ ቢሰበርም አያንገበግብም።» ዊላ ግን በጄ አላለችም። የክፍሏ ልጅ ኮልተን ያለፈው ዓመት በወረቀት ቱቦ ተኩሶ ጃንጥላው ዘግይቶ ሲከፈት፣ ገመዱ ቱቦውን ከአፉ እስከ ወገቡ ሰንጥቆት እንደወረደ አይታለች። ቀሪውን ደግሞ መሬቱ ጨረሰው። ስንዴው ከታጨደ በኋላ ፀሐይ የደበደበው የካንሳስ መሬት ምሕረት አያውቅም።

«ቢሰበር የማያንገበግበውን ሳይሆን የማይሰበረውን ነው የምፈልገው» አለች። ከመስታወት ክር የሚሠራውን ወፍራም የፋይበርግላስ ቱቦ መረጠች። ኮልተን አውቶቡስ ላይ ሙድ ያዘባት፦ «እሱ እኮ ሮኬት አይደለም፣ የውሃ ቧንቧ ነው። ከመሬት ሳይነሳ ሼም ይይዝሻል።» ይያዘኛ፣ አለች በሆዷ።

ከዚያ በኋላ ክረምቷ ጋራዥ ውስጥ አለቀ። ሙጫው እንዲይዝ ፋይበርግላሱን በውሃ እያራሰች በብርጭቆ ወረቀት ሻከር አደረገችው። አፏን ሸፍና፣ ጓንት አጥልቃ፣ በዚያ ሙቀት። ጃንጥላውን ከእሳት የሚከላከለውን ጨርቅ ሦስት ጊዜ ፈትታ ሦስት ጊዜ አጠፈችው። አባቷ በር ላይ ቆሞ «ላግዝሽ?» ባለ ቁጥር «አይ» አለችው። ሕጉን እሱም ያውቃል። ትልቁን ሞተር ለመግዛት የሚያስችለውን ሰርተፍኬት የሚያገኝ ሰው፣ ሮኬቱን በገዛ እጁ መሥራት አለበት። ሮኬቱ ወጥቶ፣ ወርዶ፣ ሳይጎዳ ከተገኘ አለፈ ማለት ነው።

ወይዘሮ አርዲስ የሰርተፍኬቱን ቅጽ ገፋ አደረጉላትና እስክሪብቶ አቀበሏት። «እዚህ ጋ ፈርሚ።»

ከፊርማው መስመር በላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፦ ይህን ሮኬት እኔ ራሴ ሠርቻለሁ።

ዊላ እስክሪብቶውን እንደያዘች ቀረች። ይህ ማሳ የክለቡ የሚሆነው እስከ ነገ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ስንዴ ይዘራበታል፣ ከዚያ እስከሚቀጥለው አጨዳ ማንም አይረግጠውም። ዛሬ ካልሆነ ለከርሞ ነው። ትምህርት ቤቱን ሙሉ ቅዳሜ እተኩሳለሁ ብላ አስወርታለች፤ ማን አስወሪ አላት?

«ፈርሚና እንለፍ እንጂ» አለ ኮልተን ከኋላዋ። ሁለተኛ ሙከራው ነው፣ አዲስ ሮኬት ታቅፏል። ፊቷን ሲያይ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ምንድነው? አባትሽ ነክቶታል? ታዲያ ምን አለበት። የኔን ግማሹን አጎቴ ነው የሠራው። ማን ያውቃል? አታካብጂ።»

እውነቱን ነው፣ ማንም አያውቅም። ይህ ነው ደሟን ያፈላው። ሦስት ወር ሙሉ አይ ስትል የከረመችው ነገር በአንድ ረቡዕ ከሰዓት ተወሰደባት፤ ይባስ ብሎ ደግሞ ያማረው የሱ ሆነ። አባቷን ትወደዋለች። በዚያች ደቂቃ ግን ሮኬቱን አንስታ ብትወረውርበት ደስ ይላት ነበር።

እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ወይዘሮ አርዲስ፣ ይቺ ክንፍ የኔ አይደለችም።»

ኮልተን ጣሪያ ያለ ይመስል ሽቅብ አየ። ወይዘሮ አርዲስ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ወደ ላይል አየት አድርገው መለሱት።

«እንግዲያው ዛሬ ላስተኩስሽ አልችልም።»

«አውቃለሁ። ነገ እስከ ስንት ሰዓት ነው?»

«ንፋሱ ከፈቀደ እስከ ዘጠኝ።»

አሁን አምስት ሰዓት ነው። ሙጫው በደንብ እስኪጠነክር አንድ ሙሉ ቀን ይፈልጋል። እስከ ሰባት ከለጠፈችው ነገ ሰባት ላይ ይደርሳል። ሁለት ሰዓት ይተርፋታል ማለት ነው። ቅጹን አጥፋ ኪሷ ከተተችና ሮኬቱን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ወደ መኪናው ሄደች።

«ነካኸው» አለችው።

ላይል ባርኔጣውን መልሶ ደፋ። «ጠማማ ነበር እኮ ዊላ።»

«ጠማማ እንደነበር አውቃለሁ።»

«ሰው ሁሉ ፊት ቢወድቅብሽስ ብዬ ነው። ለክፋት መሰለሽ?»

«ይውደቅብኝ። የኔው ነው የሚወድቀው። አሁን ግን ቢወጣም የኔ አይደለም፣ ቢወድቅም የኔ አይደለም። ምን አተረፍክልኝ?»

የላይል ፊት ቀላ። «አጥፍቻለሁ» አለ።

«ሙቅ አየር የሚነፋውን መሣሪያህን አውጣልኝ። ጄኔሬተሩንም አስነሳው።»

«ልነቅለው?»

«እኔ ነኝ የምነቅለው። አንተ ቱቦውን ያዝ። ክንፉን እንዳትነካ።»

የመኪናውን የኋላ መዝጊያ አውርደው ሮኬቱን እዚያ አጋደሙት። ሙቁ አየር ሲነፋበት ሙጫው ቀስ በቀስ ለሰለሰ፣ ዊላም በጉጠት ይዛ ክንፉን ነቀለችው። አሮጌውን ሙጫ ፋቀች፣ በአልኮል ወለወለች፣ አዲሱን ቀላቀለች። ከበስተጀርባዋ ሰው ከአምስት ወደ ታች ሲቆጥር ሰማች፣ ከዚያ የአንዱ ሞተር ጩኸት ማሳውን ሞላው። ሰው ሁሉ አንጋጠጠ። እሷ አላንጋጠጠችም።

ክንፉን ቦታው ላይ አስገብታ በሁለት እጇ ያዘችው። አንድ ዓይኗን ጨፍና ከጫፍ እስከ ጫፍ አየችው። በጣም ትንሽ ወደ ቀኝ ያዘነበለ መሰላት። ወደ ግራ ገፋ አደረገችው። አሁን ወደ ግራ ያዘነበለ መሰላት።

«ትንሽ ብቻ ወደ…» አለ ላይል።

«አባዬ።»

«እሺ፣ ዝም ብያለሁ።»

ኮልተን ሮኬቱን ታቅፎ መጣ። አቧራ ለብሷል እንጂ አንድም ቦታ አልተሰነጠቀም። «አለፍኩ» አለ። ግን እንዳሰበው ደስ ያለው አይመስልም፣ ድምፁ ውስጥ ደስታ የለም። ትንሽ ቆሞ የሷን እጆች አየ። «ነገ ከምሳ በኋላ ትመጪያለሽ?»

«እመጣለሁ።»

«እኔም እመጣለሁ» አለና ሄደ።

ይሄኔ ሃንክ ከመኪናው ውስጥ ዘሎ ወረደ፣ ተንጠራራ፣ እንደ ልማዱም ከራሱ እስከ ጭራው ተራገፈ። አንዲት ነጭ ፀጉር በአየሩ ላይ ዞር ዞር ብላ መጣችና እርጥቡ ሙጫ ላይ አረፈች።

የላይል እጅ ሳያስበው ተዘረጋ፤ ሁለት ጣቱ ሊለቅም ተዘጋጅቷል። ፀጉሯ ላይ ሊደርስ ሲል ቆመ። ቀና ብሎ ልጁን አያት። ዊላ ዓይኗን ከሱ አልነቀለችም።

ላይል እጁን ሰበሰበና ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«እስኪጨብጥ ስንት ደቂቃ ትይዢዋለሽ?» አለ።

«ሠላሳ» አለች ዊላ፣ እግሯን አንፈራጥጣ እየተመቻቸች።