በገበቴው ውስጥ የሰመጠው በሶ

ሽታዬ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ቤቷ ጎንደር ነው፣ ከቀሐ ወንዝ በላይ። ልጆች፣ እሷም እንደ እናንተ በፍልሰታ ጾም እህል ሳትቀምስ ውላ ትቆርብ ነበር።

ጣልያን ከወጣ ስምንተኛው ክረምት ነው። መምህር ወልደ ገብርኤል፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ልጆቹ ረሃባቸውን እንዲረሱ ብለው ቅዳሴ እስኪገባ በደብሩ አዳራሽ ያስተምሯቸው ነበር። አንድ ቀን ገበቴ ይዘው መጡ።

«የኔታ፣ ረሃቡን የሚያስረሳን ምግብ ነው?» አለ ከልጆቹ አንዱ፣ ነጋ።

«ዝም ብለህ እይ፣ አንተ ሆዳም» አሉት እየሳቁ።

ከታች ቆሎ ነሰነሱ። «ይህ የወንዝ ጠጠር ነው።» በላዩ በማር የተለወሰ ኑግ አደረጉ። «ይህ እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ድንጋይ ነው። የስሜን ተራሮች እንዲህ ተደራርበው ነው የቆሙት።» ከሁሉ በላይ የተጨበጠ በሶ ደለደሉ። «የታችኛው ቀድሞ የተኛው ነው፤ የላይኛው ኋላ የመጣ። ከቅዳሴ መልስ ቆርጠን ድርብርቡን እናያለን፤ ከዚያ እንበላዋለን።»

ገበቴውን በጨርቅ ሸፍነው ለሽታዬ ጓደኛ ለባንቺአየሁ አደራ ሰጧት። ሁሉም ወጡ፤ ሽታዬ ብቻ ከጓደኛዋ ጋር ቀረች።

«ሽታዬ፣ ወንድሜ ውጭ እያለቀሰ ነው። አንድ አፍታ ጠብቂልኝ» ብላ ባንቺአየሁ ሮጠች።

ማሩ ሸተተ። ሆድ ባዶ ሲሆን አፍንጫ እንዴት እንደሚበረታ እናንተም ታውቁታላችሁ። ሽታዬ በገበቴው ዳር ጣቷን ሰደደች። ላሰች። ደግማ ዛቀች፤ ሦስተኛም። ከዚያ በሶውን በመዳፏ አስተካክላ ሸፈነችው።

የቅዳሴ ደወል ሲደወል መምህሩ ባንቺአየሁንና ልጆቹን አስከትለው መጥተው ጨርቁን ገለጡ። በሶው በአንድ ወገን ሰምጧል።

«እዩ ልጆች» አሉ ዝግ ብለው። «የላዩ ሲሰምጥ ከታች የጎደለ ነገር አለ። መሬትም ውስጧ ሲቦረቦር ከላይ ይታወቅባታል።»

ማንንም አልጠየቁም። ነጋ ግን «ምነው ባንቺ፣ ዘበኛዋ ራሷ ቀመሰች እንዴ?» አለ። ልጆቹ ሳቁ። ባንቺአየሁ ሽታዬን አየቻት። ሽታዬ በኑጉ የጠቆረ ጣቷን በነጠላዋ ጠቀለለች።

ልጆቹ ለቅዳሴ ተሰለፉ። ባንቺአየሁ ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር ቀረች።

«ነይ እንጂ» አሏት መምህሩ።

«አልገባም የኔታ። በልታ ቆረበች ይሉኛል።»

የሽታዬ ጆሮ ጋለ። ሰልፉ ሄደ፤ እሷም አንድ እርምጃ ሄደች። ማሩ አሁንም ምላሷ ላይ ነበር። ሌላ እርምጃ አልሆነላትም። ከሰልፉ ወጣች።

«እኔ ነኝ የኔታ። ባንቺ አደራ ብላኝ ስትወጣ እኔ በላሁ።»

ጣቷን ዘረጋች። ለቅዳሴ ከመጡት ሴቶች መካከል የቆመችው እናቷ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ሽታዬ ያን አየች። ያን ቀን ከሁሉ የከበዳት እሱ ነበር።

«ዛሬ አትቆርቢም፣ ልጄ» አሉ መምህሩ። «እዚህ ቁሚ። ባንቺአየሁ፣ አንቺ ግቢ።»

ሽታዬ እስከ መጨረሻው ደጅ ቆመች። ከቅዳሴ መልስ የገበቴው ድርብርብ ተቆረጠ። ጥቁሩ ድርብ በአንድ ወገን የለም። ልጆቹ ጎንበስ ብለው ጎድጓዳውን አዩ። ሽታዬ ድርሻዋን አልወስድም አለች። ባንቺአየሁ ከራሷ ቆርሳ መዳፏ ላይ አኖረችላት።

«እንኪ። አንቺ የበላሽው ተራራውን ነው፤ ጠጠሩ ቀርቶብሻል።»

ሽታዬ ቀና ብላ ልታያት አልቻለችም፤ ግን ተቀበለቻት። በማግስቱ ለንስሐ አባቷ ተናገረች፤ ጾሙ ሳይፈታም ከባንቺአየሁ ጎን ተሰልፋ ቆረበች።

ልጆች፣ በእናንተ ጥፋት ሌላ ሰው ሲያፍር ካያችሁ፣ ያን ኀፍረት ሳትዘገዩ ከእሱ ላይ አንሥታችሁ ራሳችሁ ተሸከሙት።