ከካሜራው ጋር የመጣው ሌንስ

ይሄ የፈጠራ ወሬ አይደለም። ቢሆን ደስ ባለኝ።

ሰው ፊት ማውራት ስለማልችል ነው እዚህ የምጽፍላችሁ። የሆነው በቀን ብርሃን፣ ከሰዓት በኋላ አስር ሰዓት ላይ፣ ሳሎናችን ውስጥ ነው... አባቴ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ።

የጀመረው ግን እኔ በምሠራበት ፎቶ ቤት ነው።

ባለቤቱን ሁላችንም ጋሽ ፍላሽ ነው የምንላቸው። አንድ ቀን ስልኬን ሰጠኋቸውና በቀስታ ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድነው?»

ፎቶው ላይ ያለው አባቴ ነው። ልቡን ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ከሆስፒታል ከወጣ ጀምሮ፣ በየቀኑ በካሜራዬ አንድ ፎቶ እያነሳሁ፣ ወደ ስልኬ አዛውሬ ሌላ ከተማ ለሚሠራው ወንድሜ እልክለታለሁ። ሐኪሙ «እየተሻለው ነው፤ ብቻ እንዳይደነግጥ» ብሎናል። ስለዚህ ቤታችን ውስጥ በር እንኳን በኃይል አይዘጋም።

ጋሽ ፍላሽ ፎቶውን አይተው ሳቁ።

«ምንድነው ትያለሽ እንዴ? ሌንስሽ ነዋ! ካርቶኑ ውስጥ ከካሜራው ጋር አብሮ የመጣው አይደል? እሱማ የጠርሙስ ቂጥ ነው።»

እኔ ስለ ሌንስ አልጠየቅኩም። የጠየቅኩት ከአባቴ ወንበር ጀርባ ስላለው ነገር ነበር።

ግን ስልኬን መልሼ ተቀበልኳቸው። እውነቱን ለመናገር ቀለል አለኝ። በፎቶው ግራ ጥግ፣ ታች፣ ግድግዳው ብዥ የሚለው ሌንሱ ርካሽ ስለሆነ ነው። በቃ። እኛ ሙያ ውስጥ ፎቶ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚወቀሰው አብሮ የመጣው ሌንስ ነው። ሌላ ምክንያት የሚፈልግ የለም።

ቢሆንም ልፈትነው አሰብኩ።

ዘዴው ቀላል ነው። ግድግዳው ላይ በአራቱም ማዕዘን ጋዜጣ ትለጥፋላችሁ። ካሜራውን እንዳይነቃነቅ አድርጋችሁ ታነሳላችሁ። ከዚያ ፎቶውን አጉልታችሁ፣ ጥግ ጥጉ ላይ ያለው ጽሑፍ መነበብ አለመነበቡን ታያላችሁ። ከተነበበ ሌንሱ ይበቃል።

«ሚጣ፣ ግድግዳውን ጋዜጣ ልታስነብቢው ነው?» አለኝ አባቴ።

«ሌንሱን ልፈትነው ነው አባዬ። አትንቀሳቀስ።»

«ሐውልት ሆኜልሽ የለ እንዴ!»

ሳሎናችን ጨለም ያለ ስለሆነ፣ ካሜራው አንድ ፎቶ ለማንሳት ሰከንድ ያህል ይወስድበታል። አባቴ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ጠበቀኝ።

ሦስቱ ጋዜጣ ፊደል በፊደል ይነበባል።

በግራ በኩል፣ ታች ያለው ግን አንድ ቃል እንኳን አይነበብም...

ካሜራውን ገለበጥኩት። ጭንቅላቱን ወደታች አድርጌ በመጽሐፍ ደገፍኩት። ጥፋቱ የሌንሱ ከሆነ ብዥታው አብሮት ይገለበጣል፤ ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ ይሄዳል።

አልሄደም።

እዚያው ነው። ከወንበሩ ጀርባ።

አባቴ መታጠቢያ ቤት ልሂድ ብሎ ተነሳ። ባዶውን ወንበር ፎቶ አነሳሁት።

አራቱም ጋዜጣ ጥርት ብሎ ይነበባል።

ተመልሶ ተቀመጠ። አነሳሁ።

ብዥታውም ተመልሷል...

በማግስቱ ፎቶዎቹን በሙሉ ለጋሽ ፍላሽ አሳየኋቸው። መጀመሪያ እንደልማዳቸው ሊቀልዱ ነበር። ከዚያ መነጽራቸውን አደረጉ። ከዚያ ወንበር ሳብ አድርገው ተቀመጡ።

«ሌንስሽ ደህና ነው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎ አይደሉም እንዴ የጠርሙስ ቂጥ ነው ያሉት?»

«ተሳስቻለሁ። ለእንዲህ ያለ ሥራ ይበቃል። እንዲያውም ጎበዝ ነው።»

«እባክዎ... መጥፎ ነው በሉኝ።»

ቀና ብለው አዩኝ። እንደዚያ ለምኛቸው አላውቅም።

«ስሚኝ ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሌንስ ሲያደበዝዝ በሁሉም አቅጣጫ ነው የሚያደበዝዘው። ይሄ ግን ወደ አንድ ወገን ተጎትቷል። እንዲህ የሚወጣው የሚንቀሳቀስ ነገር ነው።»

«ማን ይንቀሳቀሳል? ቤት ውስጥ እሱና እኔ ብቻ ነን።»

ፎቶዎቹን በቀናቸው ደርድረው ቀስ እያሉ አሳለፉልኝ። አባቴ ከሆስፒታል በወጣ ሰሞን ብዥታው መጋረጃው ጋ ነበር። ቀጥሎ ግድግዳው ጋ። ቀጥሎ ከወንበሩ ጀርባ...

«አባትሽን አሁን ማን እየጠበቃቸው ነው?»

ቦርሳዬን እንኳን ሳላነሳ ወደ ቤት ሮጥኩ።

ቤት ስደርስ አስር ሰዓት ሆኗል። አባቴ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሏል።

«ምነው ትንፋሽ አጠረሽ? ሊፍቱ ተበላሸ?»

«አዎ» አልኩት። ዋሸሁ። እንዳይደነግጥ።

ሳሎኑ ውስጥ ምንም የለም። መጋረጃው፣ ግድግዳው፣ የለጠፍኳቸው ጋዜጦች... ሁሉም እንደነበሩ ናቸው። ግን በዓይኔ አላምንም። የት እንዳለ የሚነግረኝ ካሜራው ብቻ ነው።

ካሜራውን በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ አንስቼ፣ እዚያው ቆሜ፣ በሁለት እጄ ይዤ፣ ክርኔን ግድግዳው ላይ አስደግፌ አነሳሁ።

ጥርት ያለ ፎቶ ነው። ከግራ ታች ያለው ጋዜጣ ይነበባል። ከወንበሩ ጀርባ ምንም የለም!

አልቅሺ አልቅሺ አለኝ። ሄዷል አልኩ በልቤ። ሄዷል...

ከዚያ አጉልቼ አባቴን አየሁት።

ፊቱ ጥርት ብሏል። የሸሚዙ ቁልፎች ይቆጠራሉ። ግራ እጁ ጉልበቱ ላይ ነው፤ ጥፍሮቹ እንኳን ይታያሉ።

ቀኝ እጁ ግን ከክርኑ በታች ብዥ ብሏል።

«አባዬ... እጅህን አንቀሳቀስክ?»

«ኧረ አላንቀሳቀስኩም። ትንሽ ቀዘቀዘኝ እንጂ።»

«ና ተነስ። ውጪ ወጣ እንበል።»

«አሁን? ሻይ ሳንጠጣ?»

«አሁን፣ አባዬ።»

ድምፄን እንደምንም አስተካክያለሁ። ፈገግም ያልኩ ይመስለኛል። ለመነሳት ሞከረ። ከወገቡ ብድግ አለና መልሶ ተቀመጠ። ወደ ቀኝ እጁ አየ። ቀጥሎ እየሳቀ፣ ዓይኑን ከእጁ ሳይነቅል...

«እንዴት ልነሳ? ልቀቂኝ እንጂ ሚጣ።»

እኔ በሩ ጋ ነኝ። ሁለቱም እጄ ካሜራው ላይ ነው።

አልጮህኩም። ካሜራውን ምንጣፉ ላይ አስቀመጥኩና ሄጄ ግራ እጁን ያዝኩት። ሳብ አደረግኩት። በዝግታ ተነሳ።

በደረጃው ወረድን። እኔ በግራው፣ ግድግዳውን ተጠግቼ። ቀኝ እጁ ከሰውነቱ ራቅ ብሎ፣ ጣቶቹ ገጠም ብለው፣ የትንሽ ልጅ እጅ እንደያዘ ሰው ነበር የሚወርደው። በየደረጃው ቆም እያለ ይጠብቅ ነበር።